ያልተሳበ ምላጭ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲመጣ የሚነዘንዝህ ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ መሃል ላይ ቆመህ መንገደኛ የምታይ ትመስላለህ? ባለቤትህስ ሰላም ናት? ትንሿስ? እማማ፣ ጥርሷን ነቀለች ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። መንቀሏን ባለፈው ነግረኸን ነበር፤ ደግማ መስማት ስለፈለገች ነውና አንተም ደግመህ ጻፍላት፣ ምን ይጎድልብሃል።

እኔ ደህና ነኝ። እማማም ዓይኗ ክር ከመርፌ ጋር ማገናኘት እምቢ ከማለቱ በቀር ደህና ናት። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንዳልዘጋው አባባ አለ። ባለፈው ደብዳቤዬ ትንሽ አሞታል ብዬ ያለፍኩት እንዳትደነግጥ ብዬ እንጂ ትንሽስ አይደለም። ደም ግፊቱ ጣለውና ግማሽ ጎኑን ወሰደው። የተያዘው በግራው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኙ ተርፎለታል ተመስገን ይባል ነበር፤ የእሱን ግን ታውቃለህ፣ ግራኝ ነው፣ ቀኙን የሚፈልገው ሰው ሰላም ለማለት ብቻ ነበር። አሁን ያ ብረት ሲገራ የኖረ እጅ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሞ ይውላል፣ እሱም ሲያየው ይውላል። ንግግሩም ተጎድቷል። ለአንድ ቃል ብዙ ይደክማል፣ ደክሞ ያወጣውንም ከእኔና ከእማማ በቀር የሚሰማለት የለም። ሐኪሙ ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ ነበር። ሐኪም ሰውን ኮሪደር ላይ ሲጠራ ምን እንደሚል ታውቃለህና አልደግመውም።

ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠመንጃ የምትጠግን ሴት ትኖራለች ብሎ የሚያስብ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ይገባሉ፣ እጄ እስከ ክርኔ ዘይት ሆኖ ቆሜ እያዩኝ ሠራተኛው የለም እንዴ ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እቆጣ ነበር። አሁን ምሳ ሄዷል እላቸዋለሁ። ዕቃቸውን ትተው ይሄዳሉ፣ ሠራተኛውም ምሳውን በልቶ ሲመለስ አሳምሮ ይሠራላቸዋል።

ብረት የምናስርበት ሞርሳ አሁንም በአባባ አቅጣጫ እንደተገጠመ ነው። እጀታው ወደ ግራ ወጥቶ በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር ወገቤን ይመታኛል። እሰድበዋለሁ፣ ግን አላዞርኩትም። አንተ ከብረት ጋር ፍቅር ስላልነበረህ ልብ ብለህ አታውቅ ይሆናል፣ እኔ ሙያውን የተማርኩት ከጎኑ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው። ከጎኑ ስሆን እሱ በግራው የሚሠራው ሁሉ እኔ እጅ ላይ ይገለበጥብኝ ነበር። መሳያ ድንጋይ ላይ ብረት ሲያለሰልስ የእሱ ጭረት ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የእኔ ወደ ቀኝ። ሌላ ቦታ የተነካካ ጠመንጃ ሲመጣልን ሆዱን ከፍተን በማጉያ መነጽር ጭረቱን እያየን የሠራውን ሰው ጠባይ መገመት ነበር ጨዋታችን። ይሄኛው ችኩል ነው ይላል አባባ፣ ይሄኛው ደግሞ መሃል ላይ ምሳ ተጠርቶ ሲመለስ የት እንዳቆመ ረስቶታል። እኔ እስቃለሁ። ከእሱ ጋር ብዙ የሳቅኩት በዚያ ጨዋታ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ጠመንጃዋ ነው። የትኛዋ እንደሆነች አውቀሃል። ወንድም ዓለም፣ እባክህ እዚህ ጋ ስትደርስ አጥፈህ ኪስህ አትክተተኝ። የእማማን ደብዳቤ እንደዚያ አድርገህ በኋላ ከልብስ ጋር እንዳጠብከው ባለቤትህ ነግራኛለች። እኔን እስከ መጨረሻው አንብበኝ፣ ከዚያ ከፈለግህ እጠበኝ።

ከዚያ ከክፉው ዓመት ጀምሮ ያቺ የአያታችን የአደን ጠመንጃ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከኮቶቹ ኋላ ነበረች። እማማ ኮት የምትሰቅለው ለልብስ ብላ ሳይሆን እሷን ለመጋረድ ነበር፤ የማንም ያልሆነ ኮት ሁሉ እዚያ ተሰቅሎ ነበር። አባባም አያነሳትም፣ እኛም አናነሳትም። እኔ በበኩሌ ሽጧት ብዬ ብዙ ጊዜ ለመናገር አስቤ ቃሏ አፌ ላይ ቀርታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱቅ ዘግቼ ስገባ አባባ በደህናው እጁ ወደ ቁም ሣጥኑ እያሳየ አውጫት አለኝ። መጀመሪያ ኮት የፈለገ መስሎኝ አንዱን አነሳሁለት። ተናደደ። በኋላ ሲገባኝ ኮቶቹን ወደ ጎን ገፋሁ። አውጥቼ እግሩ ላይ ባስቀምጥለት አላያትም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አዲስ ምላጭ ግጠሚላት አለኝ። ማን ሊተኩስባት ነው አልኩት። ለልጁ ላኪለት አለ። ልጁ አንተ ነህ፤ ጸጉርህ ቢሸብትም እዚህ ቤት ስምህ እሱ ነው። ደሜ ፈላ። ልጁ እኮ እንኳን ጠመንጃ የገዛ ልጁን የውኃ ሽጉጥ በእጁ አይነካም፣ የልደት ስጦታ አምጥተውላት ከቤት ያስወጣ ሰው ነው አልኩት። አልተቆጣኝም። ሌላ ሰው ቢሰማው ትርጉም የማይሰጠው ነገር ጨመረ። አሮጌውን አትጣይው አለኝ።

ሱቃችን ውስጥ የተለወጠ ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛው ሥር ባለው ጣሳ ይገባል። እኔ በሕይወቴ አባባ አሮጌ ዕቃ አትጣይ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ለነገሩ በሽተኛ ነው ብዬ አለፍኩት።

አዲሱን ምላጭ አስመጣሁ። የዛሬዎቹን ብታያቸው አንተም እንኳ ትደነቃለህ፣ እኔማ ትንሽ እቀናለሁ። እንደ ሰዓት ሆድ የተገጣጠመ አንድ ሙሉ ዕቃ ነው፤ የራሱ ሞላ፣ የራሱ ብሎን አለው፣ ላላ ስትለው ይላላል፣ ጠብቅ ስትለው ይጠብቃል። የድሮዎቹ እንዲህ አይደሉም። የድሮ ምላጭ መካከለኛ አመል የለውም፤ ወይ እንዳለ ተቀብለኸው ትኖራለህ ወይ ድንጋይ ላይ ወስደህ በእጅህ ታለሰልሰዋለህ። በእጅ ማለስለስ ደግሞ ልክ አለው። ልኩ ካለፈ መመለሻ የለውም።

የአባባን ደንብ አልረሳሁም፤ ዕቃ ከመፍታትሽ በፊት ምን እንደሚሠራ እወቂ ይል ነበር። ባዶ መሆኗን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። መቀርቀሪያዋን ወደ ኋላ ሳብኩና ቀስ ብዬ ወደ ፊት ገፍቼ ዘጋኋት። ጥይት የምትመታው መርፌዋ ተወጥራ ቆመች። ምላጩን ሳብኩት፣ ሳይታወቀኝ ሄደ። በእሷ ዕድሜ ያለች ጠመንጃ ላይ እንዲህ ያለ ልስላሴ አይቼ አላውቅም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ ደስ አለው። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሥራ ሁለተኛውን ፈተና ፈተንኳት። መቀርቀሪያዋን በኃይል መትቼ ዘጋሁ።

ጠቅ አለች።

እጆቼ የት እንደነበሩ ልንገርህ። ግራዬ ከታች እንጨቱን ደግፏል፣ ቀኜ መቀርቀሪያዋ ላይ ነው። ምላጩ አጠገብ የማንም ጣት አልነበረም። መርፌዋ በራሷ ጊዜ ወደቀች። ጥይት ቢኖርባት ትተኩስ ነበር።

እጄ ይሆናል ብዬ ሞርሳው ላይ በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኳትና ወደ ጎን ቆሜ በአንድ እጄ ብቻ መታሁ። ያዘች። ደግሜ መታሁ፣ ያዘች። እንደገና መታሁ፣ ወደቀች። አንዳንዴ ትይዛለች፣ አንዳንዴ አትይዝም። ቀስ ብለህ ከዘጋሃት ሁልጊዜ ትይዛለች፣ በኃይል ከዘጋሃት እንደ ዕድልህ ነው። ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲያንኳኳ ሰማሁ፣ ሠራተኛው ምሳ ሄዷል እንኳ ማለት አልቻልኩም። የማለቅሰው ለአንተ ይሁን ለወንድም ጋሼ አላውቅም፤ ብቻ አለቀስኩ።

ታላቃችን ወንድም ጋሼ በሞተበት ቀን እኔ ጎረቤት ቤት ከልጆች ጋር ነበርኩ። የማውቀው የሰማሁትን ነው። የዱር አሳማው ከሸንበቆው ሲወጣ አባባ ከኋላ ነበር፣ ጠመንጃዋን ወንድም ጋሼ አቀብሎህ አንተ እንድትተኩስ ፈቅዶልህ ነበር፣ እሱ የአጥሩን ሽቦ ከፍ አድርጎ ሊያሳልፍህ ከፊትህ ጎንበስ አለ። አንተ ቸኮልክ፣ ጥይት አጎረስካት፣ ዘጋሃት፣ ተኮሰች። ያን ያህል ነው። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ግቢው ሰው ሞልቶ፣ አንተ የውኃ በርሜሉ ሥር ቁጢጥ ብለህ ምላጩን አልነካሁትም፣ የዘጋኋት ብቻ ነው እያልክ ስትደጋግም ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ በአጠገብህ እያለፈ ወደ ልቅሶው ይገባ ነበር።

ፖሊሶች ጠመንጃዋን ወሰዱ። ትመርመር ተባለ። ትዝ ይልሃል ማን እንደመረመራት? በዚህ ከተማ ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው አንድ ነበር። ልጁን ገና የቀበረ ሰው ነው፣ ተከብሮ፣ ወንበር ተሰጥቶት፣ ዕቃው ፊቱ ላይ ተቀምጦለት ተጠየቀ። ጠመንጃዋ ምንም የላትም አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጠያቂ አልነበረም። ሳታውቀው ነክተኸው ይሆናል ይሉህ ጀመር፣ እማማም፣ ጎረቤቱም፣ አስተማሪህም። ክፉ የተናገረህ የለም። ሁሉም እያቀፈህ፣ ራስህን እየዳበሰ፣ ልጅ ነህ አይፈረድብህም እያለ ይቅር አለህ። ያልሠራኸውን ሁሉም ይቅር ሲልህ አንተ ማንን ይቅር ትላለህ? ከጥቂት ጊዜ በኋላ አልነካሁትም ማለት ተውክ። ቅስምህ ተሰብሮ ቀረ። ትልቅ ስትሆን ደግሞ አንድ ቀን ለእኔ ብቻ ጻፍክልኝ፣ የምላጩ ቅዝቃዜ አሁንም ጣቴ ላይ ይሰማኛል ብለህ።

ያ ቅዝቃዜ አልነበረም ወንድም ዓለም። ሰዎች እየደጋገሙ ጣትህ ላይ ያስቀመጡልህ ነው።

አንተ ቤት በእንግድነት በሰነበትኩ ጊዜ አየሁህ። አንድ ቀን እንኳ ልነግርህ አልደፈርኩም። መብራት የምታበራው በጣትህ አንጓ ነው። ብርጭቆ ስትይዝ ያቺን አመልካች ጣትህን አጥፈህ መዳፍህ ውስጥ ትደብቃታለህ። ለልጅህ ጨረቃን ስታሳያት በአገጭህ ነው ያሳየሃት፣ እሷም አሁን ሰው ስትጠቁም አገጯን ታሾላለች። ባለቤትህ የቤተሰብ አመል መስሏት ስቃ አጫወተችኝ፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሌላም ነገር አየሁ። ልጅ ሳለህ በር ቀስ ብለህ ዘግተህ አታውቅም ነበር። እማማ ይሄ ልጅ ቤቱን አፍርሶ ነው የሚያርፈው እያለች አንድም ቀን ሳትቆጣህ አልዋለችም። አሁን ግን የምትዘጋው በር ሁሉ ውስጥ ሕፃን የተኛ ነው የሚመስለው። የመኪናን በር፣ የቁም ሣጥንን፣ የምድጃውን እንኳ በሁለት እጅህ ይዘህ ነው። ሌላው ሁሉ ጣትህን ሲከስ ሰውነትህ መቀርቀሪያዋ እንደሆነች ያውቅ ነበር ማለት ነው። ማንም ስላልጠየቀው ዝም ብሎ በር ሲያባብል ኖረ።

ከወለሉ ተነስቼ ፈታኋት። ሁለቱን ብሎኖች አወጣሁ፣ እንጨቱን ለየሁ፣ ምላጩን ከነአካሉ አነሳሁ። መርፌዋን ጥርሷ ላይ ይዛ የምታስቀር አንዲት ትንሽ ብረት አለች፣ አባባ ያዧ ይላታል። ምላጩ ሲሳብ እሷ ዝቅ ትልና መርፌዋን ትለቃለች። ሥራዋ ይኸው ነው፣ መያዝ። ጠርዟ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በማጉያ መነጽር አየኋት። ጠርዟ ተስሎ ተስሎ ተንሸራትቷል፣ የቀረው የሚይዝ ነገር ከጥፍር ውፍረት ያነሰ ነው። ፋብሪካ አይደለም እንዲህ ያደረጋት፣ ዝገትም አይደለም። በመሳያ ድንጋይ ላይ በትዕግሥት፣ በፍቅር የተሠራች ናት። ችኩል እጅ አይደለም። ምሳ የተጠራ እጅም አይደለም። ጭረቶቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው።

ወንድም ጋሼ ምን ያህል ሲያማርር እንደነበር ታስታውሳለህ። ይሄን ምላጭ ለመሳብ ጥንድ በሬ መጥመድ ያስፈልጋል እያለ በየምሳው ያስቀን ነበር። ከዚያ አደኑ ሊጀመር አካባቢ አንድ ቀን ከሱቁ እየዘለለ ወጥቶ፣ ቅቤ ሆኗል፣ ቅቤ ሆኗል እያለ እኔን አንስቶ አሽከረከረኝ። ትከሻው ላይ ሆኜ የሱቁ በር ላይ ቆሞ በደስታ የሚያየውን ሰው አየሁት። ፈገግታውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጁ ስለተደሰተለት ነው የተደሰተው። ያን ጊዜ ያ ሰው ቀስ ብሎ ዘግቶ ሞክሮት ይዞለታል፤ እሱ መቀርቀሪያ መምታት የሚጠላ ሰው ነው፣ በኃይል ዘግቶ አልሞከረውም።

ያቺን ብረት የነካው የማን እጅ እንደሆነ አልጽፍልህም። አንተም የሙያተኛ ልጅ ነህ፣ ማየት ትችላለህ። እዚህ ቤት የምኖረው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ትራስ የማስተካክለው እኔ ነኝ።

ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ስገባ እማማ ምስር እየለቀመች ነበር። ፊቴን አይታ ሰፌዱን አስቀመጠች። ምንም ሳልናገር ልጄ አልነካውም ነበር አይደል አለችኝ። አልነካውም አልኳት። ከየት አወቅሽ አላለችኝም። ማነው አላለችኝም። ሰፌዱን መልሳ አንስታ መልቀም ቀጠለች፤ እኔ ግን አየኋት፣ ጠጠሩን ወደ ምስሩ፣ ምስሩን ወደ ወለሉ ትጥል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የአባባ ክፍል አልገባችም። ሾርባውን ሠርታ በር ላይ ታቀብለኛለች፣ የማጠጣው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዋ ምን ልበላት? አንድ ቀን ግን ሾርባውን ስታቀብለኝ በጣም እንዳይሞቅበት እፍ በይለት አለችኝና ፊቷን አዞረች።

አዲሱን ምላጭ ገጠምኩት። ለምን ገጠምሽው ብትለኝ፣ ላደርግ ያልኩትን ሥራ ሳልጨርስ መተው አልችልም፣ ይሄም በሽታ ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ። አዲሱ አካል ሰፋ ስለሚል እንጨቱን በመሮ ትንሽ ትንሽ እየፋቅኩ አስገባሁት። ብሎኑን ለአደን ከሚባለው ልክ በላይ አጠበቅኩት። ከዚያ በኃይል ዘጋኋት። አንተ ድሮ የጓዳውን በር እንደምትዘጋው አድርጌ፣ እጄ እስኪደክም ዘጋኋት። ሰደፏን ወለል ላይ መታሁ፣ ጎኗን በጎማ መዶሻ መታሁ። ያዘች። አንድም ጊዜ አልለቀቀችም።

አባባ አልጋ ጋ ወስጄ ደህናው እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አላያትም፣ እኔን ነው ያየኝ። አየሽ ወይ አለኝ። አየሁ አልኩት። ያን ጊዜ እኔ ምን ልናገር እንደነበር ብነግርህ ታፍርብኛለህ። አፌ ድረስ የመጣውን ሁሉ ሳልናገር የመለሰኝ፣ አገጩ ላይ የደረቀው ሾርባ ነው። አውራ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ጠረግሁለት፣ ያን ጊዜ እሱ ማልቀስ ጀመረ። አባባ ሲያለቅስ አይተህ ታውቃለህ? ወንድም ጋሼ ሲቀበር እንኳ አላለቀሰም፣ ሰው ሁሉ ጠንካራ ነው ብሎ አደነቀው። አሁን የሚያለቅሰው በአንድ ዓይኑ ነው፣ ሌላው አይታዘዝለትም።

ጻፊለት አለኝ። ምን ብዬ ልጻፍ አልኩት። ከንፈሩ ብዙ ሞከረ። አባባ ተናግሮ የማይገባኝ ቃል የለም፤ ያን ቀን ግን የወጣ ቃል አልነበረም። በደህናው እጁ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሳና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፣ እንደ ዕቃ። እንደዚያ ይዤው ቆየሁ። ከባድ ነው።

ተናድጄበታለሁ። እንዳትሳሳት፣ ይቅር ብየዋለሁ አላልኩህም። አፉ ደህና በነበረበት ዘመን ሁሉ፣ አንተ ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ በር ላይ ቆሞ፣ በየበዓሉ ወንበርህ ባዶ ሲሆን፣ ሠርግህ ላይ በስልክ ብቻ ሲመርቅህ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች የምትፈለግበት። ቁራጭ ዳቦ የሚያህል ነገር። ያንን አስቀምጦ አስቀምጦ ምላሱ ሲታሰር ለእኔ አሻግሮ ሰጠኝ። ግን ጠመንጃዋን ለምን አልሸጣትም፣ ያቺን ብረት ለምን ራሱ አልቀየራትም እያልኩ አስባለሁ። ለእሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበረች። ማንም አያውቅበትም ነበር። እሱ ግን እንዳለች አቆያት፣ ሴት ልጁን ጭረት ማንበብ አስተማራት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አሮጌውን አትጣይው አላት። ይሄን የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም። አንተ ካወቅህ ንገረኝ።

ጠመንጃዋን አልልክልህም። አባባን ግን ልኬለታለሁ አልኩት፣ ይሄ የእኔ ውሸት ነው፣ እኔው እሸከመዋለሁ። የላክሁልህ ያቺን ትንሽ ብረት ነው፣ ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ ተጠቅልላለች። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ምንድን ናት ብትለኝ የስፌት መኪና ዕቃ ናት አልኳት፣ ለወንድሜ ሚስት ናት አልኩ። ስለዚህ ባለቤትህ ከጠየቀችህ የስፌት መኪና እንዳልላክንላት አስረዳት። ካላመንከኝ እዚያ ያለ ማንኛውም ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ውሰዳት። ከየት አመጣሃት ካለህ ግን አትመልስለት፣ ጠርዟን ብቻ አይቶ ይንገርህ።

ና አልልህም። እማማ ግን በሩን ከጠዋት ጀምራ ክፍት እያደረገች ነው፤ ንፋስ ለማስገባት ነው ትላለች፣ በዚህ ብርድ። ሐኪሙ ያለኝንም ከላይ ነግሬሃለሁ። ከመጣህ ምን እንድትለው አልጠይቅህም፣ ምንም ላትለው ትችላለህ። በሩን ግን እንደ ልጅነትህ ወርውረህ ዝጋው። ቤቱ ይችላል። እሱም ከአልጋው ሆኖ ይስማው፣ ማን እንደመጣ ያውቃል።

ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ፣ የልጅህን እድገት ያሳይህ፣ የቤትህን ሰላም አያጉድልብህ። እማማ ጉልበትህን በሞቀ ጨርቅ እሰር ብላለች፣ ምርቃቷንም ልካለች፣ ረጅም ስለሆነ ወረቀቱ አልበቃኝም።

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ጥቅሉን ጠበቅ አድርጌ አስሬዋለሁ። በጥርስህ ወይም በአንጓህ እንዳትታገለው። በዚያች ጣትህ ፍታው።

ታናሽ እህትህ